ራስ አሉላ አባ ነጋ፤ ከመነዌ እስከ አባ ገሪማ

የጥር ወር በሀገራችን የጥምቀት ወር ነው። ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት፣ ካህናት በማሕሌት፣ ምእመናን በእልልታ የሚያጅቡበት ይህ ወር በታሪካችንም ውስጥ የራሱ የሆነ ቦታ አለው። በ1879 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ አንድ ሳምንት ያህል እንደ ቆየ፣ ከምጽዋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ዶጋሊ በተባለች ሥፍራ አንድ የኢትዮጵያ የጦር አለቃ አምስት መቶ ያህል ወታደሮች የነበሩትን የጣልያን ጦር ገጥመው ድል አደረጉ። ያ የጦር አለቃ ራስ አሉላ እንግዳ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ነበሩ።

የራስ አሉላ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው ይኸው የዶጋሊ ድል ነው። ነገር ግን ከዶጋሊ በፊት የነበረው ረጅም አገልግሎታቸው፣ ከዶጋሊም በኋላ ያሳለፉት ዐሥር የመከራና የስደት ዓመት ከድሉ ባልተናነሰ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በመሆኑም በዚህ የበዓል ዕትማችን የእኚህን ወታደር ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ባጭሩ እንመለከታለን።

የገበሬው ልጅ

ራስ አሉላ የተወለዱት በትግራይ በተንቤን አውራጃ መነዌ በተባለው መንደር ነው። አባታቸው እንግዳ ቁቢ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ዘመን ለከፍተኛ ሹመት የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ሐረጉን ከመሳፍንትና ከመኳንንት የሚመዝ ሰው ነበር። አሉላ ግን ከአባታቸው የወረሱት ጉልትም ሆነ ማዕረግ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሀብት ንቃታቸው፣ ድፍረታቸውና ለጌታቸው የነበራቸው ታማኝነት ብቻ ነበር።

በወጣትነታቸው በራስ አርአያ ድምጹ ቤት ገብተው ካገለገሉ በኋላ፣ የራስ አርአያ የእኅት ልጅ ወደ ሆኑት ወደ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ተሻገሩ። እኚህ ካሣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው የነገሡት ናቸው። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ካሣና ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዐድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ሥፍራ ሲዋጉ አሉላ በካሣ በኩል ተሰልፈው ነበር። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በጦርነቱ ተማርከው፣ ካሣ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የአሉላ ዕጣ ከዐፄ ዮሐንስ ዕጣ ጋር ተቆራኘ።

ጉንደትና ጉራዕ

ዐፄ ዮሐንስ ከነገሡ ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን በኩል ብርቱ ጠላት ተነሣባቸው። የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ምጽዋንና ከረንን ከያዘ በኋላ የመረብ ምላሽን ደጋ ጠቅልሎ ሊወስድ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መኰንኖችን ቀጥሮ ዘመናዊ ጦር አዘመተ። በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ በተደረገው ውጊያ በዴንማርካዊው በአረንድሩፕ የሚመራው የግብፅ ጦር ፈጽሞ ተደመሰሰ፤ አዛዡም ሞተ። ግብፅ በቀሏን ለመመለስ ከፊተኛው የበለጠ ሠራዊት ብታዘምትም፣ ከሦስት ወር ከግማሽ ያህል በኋላ ጉራዕ ላይ ዳግመኛ ድል ሆነች። በሁለቱም ጦርነቶች ሻለቃ አሉላ ከግንባር ቀደሞቹ የጦር መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከጠላት የተማረከው ብዙ ጠመንጃና መድፍም ለኢትዮጵያ ሠራዊት ታላቅ ኃይል ሆነለት።

ዐፄ ዮሐንስ የአሉላን አገልግሎት አይተው የራስነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለውን ሀገርም በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ሾሟቸው። በዚህን ጊዜ ነበር የገበሬው ልጅ ከታላላቅ መሳፍንት እኩል የተቀመጡት። ሹመቱ ታዲያ ክብርን ብቻ ሳይሆን ቂምንም ይዞ መጣ። በትግራይ መሳፍንት ዘንድ የዘር ሐረግ የሌለው ሰው ከበላያቸው መሆኑ ሳያስቈጣቸው አልቀረም፤ በመረብ ምላሽም የሐዘጋው ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን የአባቶቻቸውን ርስት ሌላ ሰው ሲገዛው ሊቀበሉ አልቻሉም። ራስ ወልደ ሚካኤል ከግብፅ ጋር ወግነው ለብዙ ጊዜ ከተዋጉ በኋላ በ1871 ዓ.ም. ለራስ አሉላ ገቡ፤ በኋላም ታሠሩ።

የአስመራው አገረ ገዥ

ራስ አሉላ መረብ ምላሽን ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ገዝተዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ የሚያልፍባትን፣ ያኔ ትንሽ መንደር የነበረችውን አስመራን መቀመጫቸው አደረጓት። የጦር ሰፈሩና የንግዱ መንገድ ተደጋግፈው መንደሪቱን ወደ ከተማነት አደረሷት። ከግብፅ ጋር የሚደረገው የእርቅ ንግግርም በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር። ጄኔራል ጎርደን በመስከረም ወር 1872 ዓ.ም. የከዲቩ መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘው ራስ አሉላን ነው፤ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደብረ ታቦር የተሻገረውም ከእሳቸው ከተነጋገረ በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የራስ አሉላ አገዛዝ የጦር አለቃ አገዛዝ ነበር። ሠራዊቱ የሚተዳደረው ከሕዝቡ በሚሰበሰብ ግብርና በዘመቻ በሚገኝ ምርኮ በመሆኑ፣ ሸክሙ በገበሬውና በከብት አርቢው ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በምዕራብ ቆላ በኩናማና በናራ ሕዝብ ላይ ያደረጉት ዘመቻ ብዙ ሕይወት የጠፋበትና ብዙ ከብት የተዘረፈበት ነበር። በመረብ ማዶ እስካሁን ድረስ ስማቸው አንድ ዓይነት ስሜት የማያሳድረውም በዚህ ምክንያት ነው። የጀግናን ታሪክ ስንጽፍ በጀግንነቱ የተጐዱትንም መርሳት አይገባንም።

የከሸፈው ውል

በግንቦት ወር 1876 ዓ.ም. የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ዐድዋ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። በሱዳን የማህዲስቶች አመፅ ተነሥቶ የግብፅ ወታደሮች በየምሽጉ ተከብበው ስለ ነበር፣ ኢትዮጵያ እነዚህን ወታደሮች በግዛቷ አሳልፋ ወደ ምጽዋ እንድታደርስ፤ በምትኩም ግብፅ የያዘችው የቦጎስ ሀገር እንዲመለስላት፣ በምጽዋ ወደብም ዕቃዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ።

ውሉን የመፈጸሙ ሥራ የወደቀው በራስ አሉላ ላይ ነው። የተከበቡትን ወታደሮች በየቦታው እያወጡ አሻገሩ። የከሰላን ጦር ለማዳን ሲዘምቱ ግን ከተማዪቱ እሳቸው ሳይደርሱ በማህዲስቶች እጅ ወድቃ ነበር። በመስከረም ወር 1878 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ኩፊት ላይ በዑስማን ዲግና ከሚመራው ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ድሉ የራስ አሉላ ቢሆንም ብላታ ገብሩን የመሰሉ ስመ ጥር የጦር አበጋዞች በዚያ ቀሩ።

እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ሁሉ ደም ለውሉ ሲባል ሲፈስስ ውሉ አስቀድሞ የፈረሰ መሆኑ ነው። ጣልያን በእንግሊዝ ስምምነት ምጽዋን የያዘችው በጥር ወር 1877 ዓ.ም. ነበር። ራስ አሉላ በምዕራብ በኩል የውሉን ቃል እየጠበቁ ሲዋጉ፣ በምሥራቅ በኩል የባሕሩ በር በሌላ ኃይል ተዘጋ። በመንግሥታት ቃል ላይ የነበራቸው እምነት ከዚያ ወዲያ ተሟጠጠ ማለት ይቻላል።

ዶጋሊ

ጣልያኖች በምጽዋ ብቻ አልረኩም። ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ሰሐጢንና ዊዓን ይዘው ምሽግ ሠሩ። ራስ አሉላ ቦታዎቹን ለቀው እንዲወጡ አስጠነቀቁ፤ ወደ ሀገር ውስጥ ሊያልፍ የመጣውንም የጣልያን መልእክተኛ ቡድን ያዙ። ማስጠንቀቂያው ሰሚ ባጣ ጊዜ ጦራቸውን ይዘው ወረዱ።

መጀመሪያ በሰሐጢ ምሽግ ላይ ያደረጉት ጥቃት አልቀናቸውም፤ ምሽጉ ጠንካራ ስለ ነበር ብዙ ሰው ሞቶባቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ግን ለሰሐጢ ስንቅና ጥይት የሚያደርስ በሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ ጦር ከምጽዋ በኩል ሲመጣ በዶጋሊ ኮረብቶች መካከል አገኙት። ከአምስት መቶ ያህሉ ወታደሮች አራት መቶ ሠላሳ ያህል ሞቱ፤ አዛዣቸውም አብሮ ወደቀ። ከቈሰሉት ውስጥ ጥቂቶች ብቻ ተርፈው ምጽዋ ደረሱ። ሮማ ከተማ በታላቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተብሎ የሚጠራው ለእነዚህ ሙታን መታሰቢያ ነው።

ድሉ ለራስ አሉላ ዝናን ሲያተርፍ ለንጉሠ ነገሥቱ ግን ከባድ ጭንቀት አመጣ። ዐፄ ዮሐንስ በምዕራብ ከማህዲስቶች ጋር ተፋጠው ሳሉ ከአውሮፓ መንግሥት ጋር መዋጋትን አልፈለጉም ነበር። እንግሊዝ ጄራልድ ፖርታል የተባለውን መልእክተኛ ለእርቅ ብትልክም የተገኘ ውጤት የለም። ራስ አሉላ ለዚህ መልእክተኛ፣ ጣልያኖች ሰሐጢን የሚይዙት እሳቸው የሮማ ገዥ ሆነው የተሾሙ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን እንደ ነገሩት ይተረካል።

በመጋቢት ወር 1880 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ታላቅ ሠራዊት አስከትለው ሰሐጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ጣልያኖች ከምሽጋቸው አልወጡም፤ ስንቅም እያለቀ ሄደ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ማህዲስቶች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለው ነበርና ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ። ራስ አሉላም አስመራን ትተው ተከተሏቸው። ያቺን ከተማ ዳግመኛ በሹመት አልተመለሱባትም።

መተማና ክፉው ቀን

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ገጠሙ። የኢትዮጵያ ጦር ቅጥሩን ጥሶ ድል ሊያደርግ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ አስከሬናቸውንም ጠላት ማርኮ ራሳቸውን ቈረጠ። ራስ አሉላ በዚያ ውጊያ ተሰልፈው ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያገለገሏቸውን፣ ከገበሬ ቤት አንሥተው ራስ ያደረጓቸውን ጌታ አጥተው ወደ ትግራይ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የራስ አሉላ ሕይወት እጅግ መራራው ክፍል ነው። ንጉሥ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። ጣልያኖች በሐምሌ ወር አስመራ ገቡ፤ በ1882 ዓ.ም.ም የያዙትን ሀገር ኤርትራ ብለው ሰየሙት። በዚያው ላይ የከብት በሽታና ረኀብ ሀገሪቱን መታ። በሬው ስላለቀ እርሻው ጦም አደረ፤ ሠራዊት ለመመገብ ቀርቶ ቤተሰብን ለመመገብም አልተቻለም። በሺህ የሚቈጠር ጦር ያዝዙ የነበሩት ራስ አሉላ ጥቂት ተከታዮች ብቻ ቀሯቸው።

ራስ አሉላ የዐፄ ዮሐንስን ኑዛዜ አክብረው ለልጃቸው ለራስ መንገሻ አደሩ። በ1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ትግራይ ሲመጡ ራስ መንገሻ ሲገቡላቸው ራስ አሉላ አልገቡም። ራስ መንገሻ በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. አካባቢ መረብ ላይ ከጣልያኖች ጋር ሲስማሙም ከማን ጋር እንደሚቆሙ ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ገጠማቸው። የጌታቸው ልጅ፣ ጌታቸውን ያስጨነቀውን ጠላት ወዳጅ ሲያደርግ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ከራስ መንገሻ ጋር እስከ መዋጋት ደረሱ፤ ተሸነፉም። በኋላ ግን ታረቁ።

በ1886 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ መንገሻና የትግራይ መኳንንት ጣልያንን ለመመከት ከዐፄ ምኒልክ ጋር መተባበር የግድ መሆኑን ተረድተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በሀገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ከጠየቁት መካከል ራስ አሉላ አንዱ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክም ምሕረት አደረጉላቸው። ራስ አሉላ ወደ ትግራይ ሳይመለሱ በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቆዩ። ያልገባላቸውን ንጉሥ ደጅ መጥናት ለእንደዚህ ያለ ወታደር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን የግል ቂማቸውን ከሀገር ጉዳይ በታች አደረጉት። እኛም ከዶጋሊው ድል ይልቅ ይህን ውሳኔያቸውን እናደንቃለን። ጠላትን መግጠም ለለመደ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከወገኑ ፊት መቆም ከጦር ሜዳ የሚከብድ ነውና።

ዐድዋ

በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲዘምት ራስ አሉላም ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን በራስ መኰንን መሪነት አምባላጌ ላይ ሜጀር ቶዜሊ ድል ሲሆን ከነበሩት አንዱ ናቸው። ጣልያኖችን ከማንም ይልቅ የሚያውቋቸው እሳቸው ስለ ነበሩ፣ አካሄዳቸውን በመሰለልና መንገዱን በማሳየት የሰጡት አገልግሎት ከፍ ያለ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ቀን ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ዕለትም ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ በሌሊት ያንቀሳቀሳቸው ዐሥራ ሰባት ሺህ ያህል ወታደሮች ሲነጋ ዐድዋ ተራሮች መካከል ተለያይተው ተገኙ። ራስ አሉላ ከዐድዋ በስተ ሰሜን በዓዲ አቡን በኩል ሰፍረው ነበር። የእሳቸው ጦር እንደ ድሮው ብዙ አልነበረም፤ ሆኖም የዚያን ቀን ሌሎች ታላላቅ የጦር አለቆች ካሰለፉት ጋር ተባብሮ ድሉን አስገኘ። ከቀትር በኋላ የጣልያን ጦር ተፈትቶ ይሸሽ ጀመር።

ራስ አሉላ ድሉ ከመረብ ማዶ እንዲቀጥል፣ አስመራም እንድትመለስ ይመኙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ስንቅ ያለቀበትን፣ ብዙ ሰው የሞተበትንና ከቤቱ የራቀውን ሠራዊት ይዘው ከዚያ በላይ መሄድን አልመረጡም። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ነጻነት ስታውቅ፣ ከመረብ ማዶ ያለው ሀገር በእጇ ቀረ። ለሀገሪቱ ታላቅ የሆነው ያ ድል ለራስ አሉላ ግማሽ ድል ነበር ማለት ይቻላል። የዋሉበትን ሀገር ከወንዙ ወዲህ ሆነው ያዩት ነበር እንጂ አልተሻገሩበትም።

ፍጻሜው

ከዐድዋ በኋላ ራስ አሉላ በትግራይ ቀሩ። ጦርነቱ ቢያበቃም በትግራይ መኳንንት መካከል የነበረው የቆየ የርስትና የሥልጣን ክርክር አላበቃም። በ1889 ዓ.ም. በጥር ወር ከተንቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር የነበራቸው ጠብ ወደ ውጊያ ተለወጠ። ራስ ሐጎስ ሕይወታቸው አለፈ፤ ራስ አሉላም እግራቸው ላይ በጥይት ቈሰሉ። ቁስሉ አልሽር ብሎ በየካቲት ወር ዐረፉ። የዐድዋ ድል አንደኛ ዓመት ሊከበር ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

የግብፅ መድፍ፣ የማህዲስቶች ጦር፣ የጣልያን ጠመንጃ ያልገደላቸውን ወታደር የወገን ጥይት ገደላቸው። ያውም በተወለዱበት በተንቤን ገዥ ጦር። በአምባላጌና በዐድዋ አንድ ላይ የቆመ ወገን ዓመት ሳይሞላው ርስ በርሱ ደም ተፋሰሰ። ከራስ አሉላ ታሪክ ሁሉ ለእኛ ለዛሬዎቹ እጅግ የቀረበው ይህ የመጨረሻው ምዕራፍ ይመስለናል። የውጭ ጠላት ሲመጣ አንድ መሆንን አባቶቻችን በሚገባ ዐውቀውበታል። ጠላት በተመለሰ ማግሥት ግን በአንድ ማዕድ መቀመጥ ብዙ ጊዜ ተስኖናል።

የራስ አሉላ ዐፅም ያረፈው ዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ነው። ገዳሙ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአባ ገሪማ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታውያን ሥዕላውያን ወንጌሎች መካከል የሚቈጠሩት የገሪማ ወንጌሎች ተጠብቀው የሚገኙበት ነው። ጣልያኖች የዐድዋን ጦርነት በዚሁ ገዳም ስም የአባ ገሪማ ጦርነት እያሉ ይጠሩታል። እንግዲህ ራስ አሉላ የተቀበሩት ጠላቶቻቸው ሽንፈታቸውን በሚያስታውሱበት ስም ሥር ነው ማለት ነው። በ1979 ዓ.ም. የዶጋሊ ድል መቶኛ ዓመት ታስቧል፤ የመቐለ አውሮፕላን ማረፊያም በስማቸው አሉላ አባ ነጋ ተብሏል።

የመነዌው ገበሬ ልጅ ሹመትን በአገልግሎት አገኙ፤ ሹመቱን በጦርነት አጡ፤ ክብራቸውን ግን ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ በመጠየቅ መልሰው አገኙት። እርቅ ያላገኙት በመጨረሻው ጠባቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ሕይወታቸውን ወሰደው። በዚህ የጥምቀት በዓል ቤተ ዘመድ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ የተጣላ ካለ በዓሉ ሳያልፍ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ ከአባቶቻችን ታሪክ የምንማረው ታላቅ ቁም ነገር ነው እንላለን። ለአንባብያን ሁሉ መልካም በዓል እንመኛለን።